የኤሌክትሪክ ብስክሌት የኃይል ማገናኛን መምረጥ፣ መግዛትና መግጠም



በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ንባብ፣ ስለ ምግባር ወይም ስለ ፈተና ዝግጅት ነበር። ዘንድሮ ግን አውራ ጣት ስለምታክል አንዲት ቢጫ ፕላስቲክ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ምክንያቴን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የቴክኖሎጂ ክበባችን ተማሪዎች አንዱን የትምህርት ቤቱን አሮጌ ብስክሌት በኋላ ጎማው ላይ ሞተር ገጥመው ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደቀየሩት ታስታውሳላችሁ። ብስክሌቱ ከዳቦ ቤት ዳቦ፣ ከማተሚያ ቤት ወረቀት እያመላለሰ አገልግሎናል። አንድ ቀን የክበቡ አባል የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ባትሪው አጠገብ ያለችው ማገናኛ ዳገት ከወጣን በኋላ ትሞቃለች» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ «የሚሠራ ነገር መሞቁ አይቀርም፤ እየሠራ ያለውን አትነካኩ» ብዬ ሸኘኋት።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። የጥበቃ ሠራተኛችን ዳቦ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው። ወርደው ቢያዩ ማገናኛዋ ቀልጣ ወንዴውና ሴቴው ተጣብቀዋል፤ ቢስቡትም አልላቀቅ አለ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ባትሪውን በቁልፉ አጥፍተው፣ ብስክሌቱን ከመጋዘኑ ግድግዳ አርቀው ሜዳ ላይ አቆሙት። ማንም አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ያ ብስክሌት ማታ ማታ የሚያድረው የመጻሕፍት መጋዘናችን ውስጥ ነበር። ማገናኛዋን «ርካሹን ግዙ» ብዬ የፈረምኩትም፣ ልጅቷን ያልሰማኋትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ትምህርት የማዘጋጀት ዕዳ የእኔ ሆነ።

ነገሩ የትምህርት ቤታችን ጉዳይ ብቻም አይደለም። እዚህ ናይሮቢ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶች በየመንገዱ እየበዙ ነው። አገር ቤትም ኢትዮጵያ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን ካስታወቀች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ የየቤቱ ወሬ ሆኗል። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ነገ በዚህ ሙያ እንጀራ ይበሉበታል። ሌሎቻችንም ቢሆን በቤታችን ውስጥ ባትሪ ቻርጅ ማድረጋችን አይቀርም።

ማገናኛ ለምን ይሞቃል?

በ1827 ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ጅረትና ተቃውሞ እንዴት እንደሚዛመዱ አሳተመ። በ1841 ደግሞ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በጅረቱ ስኩዌር ልክ እንደሚጨምር አሳየ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቀመሩን ታውቁታላችሁ፦ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ማለት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ ደግሞ በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው።

አሁን በእኛ ብስክሌት ላይ እናስላው። ዳገት ላይ ከባትሪው 20 አምፔር ይወጣል። 20 በ20 ሲባዛ 400 ነው። በደንብ የተገጠመ ጥሩ ማገናኛ ተቃውሞው የአንድ ኦም አንድ ሺህኛ ግማሽ፣ ማለትም 0.0005 ኦም ያህል ቢሆን፣ የሚባክነው 400 በ0.0005፣ ይኸውም 0.2 ዋት ነው። ይህን እጅ አያውቀውም። ማገናኛው ላልቶ ወይም ብየዳው ተበላሽቶ ተቃውሞው 0.05 ኦም ቢደርስስ? 400 በ0.05 ሲባዛ 20 ዋት ይሆናል። ስልክ የሚጠግን ሰው በእጁ የሚይዘው ትንሽ የመበየጃ ብረት 20 ወይም 30 ዋት ቢሆን ነው። እንግዲህ እኛ ሳናውቀው የጋለ የመበየጃ ብረት ፕላስቲክ ውስጥ ከተን፣ በባትሪው አጠገብ አስረን ስንዞር ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ሙቀቱን ከዳገት በኋላ ብቻ ያገኘችውም ስለዚህ ነው። ሜዳ ላይ 10 አምፔር ሲወጣ 100 በ0.05፣ 5 ዋት ብቻ ነው። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም ሙቀቱ ራሱን ያሳድጋል፤ ብረቱ ሲግል ገጹ ይዝጋል፣ ጨምድዶ የሚይዘው የመለጠጥ ኃይሉ ይደክማል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ተቃውሞው ሲጨምር መልሶ ይግላል። ስለዚህ «ትንሽ ይሞቃል» የሚባል ማገናኛ በራሱ ጊዜ አይሻለውም፤ እየባሰበት ይሄዳል።

በመጀመሪያ የራሳችሁን ቁጥር እወቁ

ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጻፉ። አንደኛው የባትሪው ቮልት ነው። ሁለተኛው ኮንትሮለር የሚባለው፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን የሚፈቅደው ከፍተኛ አምፔር ነው። ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በሞተሩ ላይ በተጻፈው ዋት ብቻ አትመሩ፤ እሱ የሚናገረው ሞተሩ ሳይቸገር ለረጅም ጊዜ የሚሠራበትን ነው እንጂ ዳገት ላይ የሚስበውን አይደለም።

የእኛ ኮንትሮለር «48 ቮልት፣ 20 አምፔር» ይላል። 48 በ20 ሲባዛ 960 ዋት ነው። ማገናኛ ስንመርጥ በተከታታይ ሊሸከም የሚችለው ጅረት ከዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ይሁን ብለናል፤ ስለዚህ 20 በ1.5፣ 30 አምፔር እንፈልጋለን።

ስለ ቮልቱም አንድ ነገር አስተውሉ። «48 ቮልት» የሚባለው በተለምዶ 13 የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ባትሪ ሲሆን፣ ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ጠቅላላው 54.6 ቮልት ይሆናል። «36 ቮልት» የሚባለው 10 ሴል ያለው ሲሆን ሲሞላ 42 ቮልት ነው። ፊውዝና ማጥፊያ ስትመርጡ የሞላውን ቮልት ቁጠሩ።

የማገናኛ ዓይነቶች

ኤክስቲ 60፦ አማስ የተባለው የቻይና አምራች የሚያወጣው ቢጫ ማገናኛ ነው። በውስጡ ያሉት ክብ ብረቶች 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ስሙ ላይ ያለው 60 ለአጭር ጊዜ የሚችለው አምፔር ነው፤ በተከታታይ የሚሸከመው 30 አምፔር ነው። ለእኛ ብስክሌት ልክ ነው። የተሳሳተ አቅጣጫ እንዳይገባ ቅርጹ ራሱ ይከለክላል፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክቱም ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል።

ኤክስቲ 90፦ የዚያው ታላቅ ወንድም ነው። ብረቶቹ 4.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በተከታታይ የሚሸከመው ከስሙ ቁጥር ግማሽ ያህሉን ነው። 25 እና 30 አምፔር ለሚስቡ ብስክሌቶች ይህን ምረጡ። «ኤስ» የሚል ፊደል የተጨመረበት ደግሞ ብልጭታ የሚከላከል ነው። ባትሪና ኮንትሮለር ሲገናኙ «ጧ» የሚል ብልጭታ የምታዩት በኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ባዶ ካፓሲተሮች በአንድ ቅጽበት ለመሙላት ስለሚሻሙ ነው። ይህ ብልጭታ የማገናኛውን ገጽ በየጊዜው ይበላዋል። «ኤስ» የሚለው በውስጡ 5.6 ኦም የሆነች ተቃዋሚ አለችው። ስትሰኩት መጀመሪያ የሚነካው በእሷ በኩል ነው፤ 54.6 ለ5.6 ሲካፈል ከ10 አምፔር አይበልጥም። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ሲገፋ ሙሉው ግንኙነት ይከፈታል።

አንደርሰን ፓወርፖል፦ ይህ አሜሪካ ሠራሽ ማገናኛ ወንዴና ሴቴ የለውም፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው። 15፣ 30 እና 45 አምፔር የሚባሉት የፕላስቲክ ቤታቸው አንድ ሆኖ በውስጡ የሚገባው ብረት ይለያያል። በመበየድ ፈንታ በመጭመቂያ መሣሪያ ስለሚገጠም የመበየጃ ብረት ለሌለው ሰው ይመቻል።

ክብ ማገናኛ፦ ፉንዲዎች «ቡሌት» የሚሉት ነው። ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሦስት ወፍራም ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የሚገናኙት በእሱ ነው። እነዚህ ሽቦዎች ብስክሌቱ ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ከባትሪው ሽቦ የበለጠ ጅረት ሊሸከሙ ስለሚችሉ ከባትሪው ማገናኛ ያነሰ አትግጠሙባቸው። አጠገባቸው ያሉት አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች የጎማውን አቀማመጥ የሚናገሩ የሆል ሴንሰር ሽቦዎች ናቸው፤ ለእነሱ ጄኤስቲ የሚባለው ትንሽ ነጭ ወይም ጥቁር ማገናኛ ይበቃል።

ውኃ የማያስገባው ክብ ማገናኛ፦ ጁሌት እና ሂጎ በሚባሉ ስሞች የሚታወቀው ነው። በላዩ ላይ ያሉት ሁለት ቀስቶች ትይዩ ሲሆኑ ብቻ በቀጥታ ይገፋል። ማጠማዘዝ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች ይሰብራል።

የማንፈልገውንም እንናገር። የቤት ኤሌክትሪክ ስፒናና ሶኬት ለባትሪ ማገናኛ አታድርጉ፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ባትሪውን ግድግዳ ላይ ይሰካዋል። በብሎን የሚጠብቀው ሞርሴቶም ለሚንቀጠቀጥ ነገር አይሆንም፤ ኮረኮንች መንገድ ብሎኑን ያላላዋል። ሽቦን በሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ለኃይል መስመር ማገናኛ አይባልም።

ሽቦው

ጥሩ ማገናኛ በቀጭን ሽቦ ላይ ቢገጠም ትርፉ ትንሽ ነው። ለ20 አምፔር 12 ቁጥር የሚባለውን፣ ማለትም 3.3 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነውን ሽቦ እንጠቀማለን። 14 ቁጥር 2.1 ነው፤ 10 ቁጥር ደግሞ 5.3 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ በሉ። እዚህ የቤት ሽቦ የሚሸጠው በስኩዌር ሚሊ ሜትር ስለሆነ 2.5 ያንሳል፣ 4 ይበቃል። ነገር ግን የቤት ሽቦ ለግድግዳ የተሠራና ደረቅ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ይሰበራል። ሲሊኮን የለበሰው ለስላሳ ሽቦ ይሻላል። በተለምዶ 12 ቁጥር የሆነው በውስጡ እያንዳንዳቸው 0.08 ሚሊ ሜትር የሆኑ 680 የመዳብ ክሮች አሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ተውት።

ገበያ ላይ

በናይሮቢ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፈላጊ ሁሉ የሚሄደው ሉቱሊ ጎዳና ነው። የመኪና ሽቦ፣ ፊውዝና የመጭመቂያ ጫፎች ደግሞ ኪሪኛጋ መንገድ ላይ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቻችን መርካቶን ይጠይቁ። የትም ብትገዙ እነዚህን አትርሱ፦

አሮጌውን ማገናኛ ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ቢጫዋን ስጡኝ» ብቻ አይበቃም።

ጥንድ ግዙ። ከአንዱ ሱቅ ወንዴ፣ ከሌላው ሱቅ ሴቴ አትሰብስቡ፤ በጥቂት ነጥብ ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ላልቶ ይቀራል።

እዚያው ቆማችሁ አሥር ጊዜ ሰኩና ንቀሉት። ጥሩ ማገናኛ አሥረኛውም ላይ እንደ መጀመሪያው ይጨመድዳል። ብረቱ በፕላስቲኩ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት።

ፕላስቲኩን ተመልከቱ። ዋናው ሙቀት ከሚችል ናይለን የተሠራ ነው፤ የአምራቹ ስምና ቁጥሩም ጥርት ብሎ ይነበባል። አስመስሎ የተሠራው ገና ሲበየድ ይለሰልሳል፣ ብረቱም ይጣመማል። የእኛዋ እንዲህ ያለች ነበረች። በዋናውና በአስመሳዩ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር።

ፊውዝም አብራችሁ ግዙ። ባትሪው አጠገብ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ይገባል። ለ20 አምፔር ኮንትሮለር 30 አምፔር ይበቃል። ነገር ግን ተራው የመኪና ስለት ፊውዝ የተሠራው እስከ 32 ቮልት ድረስ ነው። በ54.6 ቮልት ቢቃጠል እንኳ ውስጡ የሚነሣው እሳታዊ ቅስት ላይቋረጥ ይችላል። ለዲሲ 60 ቮልትና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ጠይቁ። የቤት ማጥፊያም ለዚሁ አይሆንም። በግድግዳችን ያለው የ50 ኸርዝ ጅረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ቅስቱ በራሱ ይጠፋል፤ የባትሪ ጅረት ግን ዜሮ የለውም።

አገጣጠም

ከዚህ በታች ያለው ሥራ መምህር ወይም ባለሙያ አጠገብ ሳይኖር አይሠራም። በቀጥታ ከባትሪው የሚወጡትን ሽቦዎች ደግሞ ተማሪ አይቆርጥም፤ ትልቅ ሰው ይቆርጣል።

1. ባትሪውን አጥፉና ከብስክሌቱ አላቁት። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። ደረቅ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ።

2. የትኛው ወገን የት እንደሚገባ ወስኑ። ሴቴው ሁልጊዜ ባትሪው ላይ ይሁን። ባትሪው ላይ ያለው ጫፍ ብቻውንም ቢሆን ኤሌክትሪክ አለበት፤ ብረቱ ወደ ውጭ ከወጣ በኪስ ያለ ቁልፍ ሲነካው ይገናኛል። ሴቴው ግን ብረቱን በፕላስቲክ ውስጥ ይደብቃል።

3. የባትሪውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቁረጡ። ሁለቱን በአንድ ላይ በፒንሳ የቆረጠ ሰው በፒንሳው ስለት አገናኛቸው ማለት ነው። አንዱን ቆርጣችሁ ጫፉን በናስትሮ ከሸፈናችሁ በኋላ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

4. ሂት ሽሪንክ የሚባለውን፣ ሲሞቅ የሚሸመቀቀውን ቱቦ ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቡና ወደ ኋላ ግፉት። ሁላችንም አንድ ጊዜ ረስተን ብየዳውን መልሰን ፈትተናል።

5. የሽቦውን ልብስ ማገናኛው ላይ ያለው ጎድጓዳ በሚይዘው ልክ ብቻ ግፈፉ። ክሮቹን ጠምዝዛችሁ በሶልደር አልብሷቸው። ጎድጓዳውንም እንዲሁ።

6. የምትበይዱትን ማገናኛ፣ ከምንም ያልተያያዘ ሌላ ግማሽ ሰክታችሁበት ያዙ። ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ብረቶቹ ቀጥ ብለው ይቆያሉ።

7. 60 ዋት ያህል የሆነ፣ ጫፉ ሰፊ የመበየጃ ብረት ተጠቀሙ። ትንሹ ብረት ማገናኛውን ለማጋል ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ተራው የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። ብረቱን ጎድጓዳው ላይ አሳርፉ፤ ሶልደሩ እንደ ውኃ ሲፈስ ሽቦውን አግቡ፤ ብረቱን አንሡና እስኪረጋ አትንቀሳቀሱ። ሶልደሩ እንደ ጠብታ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ወይም አሸዋ መስሎ ከደነገዘ አልያዘም፤ ድገሙት።

8. ቱቦውን ጎትታችሁ አሙቁት። አንዱ ሽቦ ተበይዶና ተሸፍኖ ሳያልቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ።

9. ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሶልደሩ ውስጥ እርሳስ አለበት።

ፓወርፖል የምትገጥሙ ከሆነ ብረቱን በተራ ፒንሳ አትጨፍልቁት፤ የራሱ መጭመቂያ አለው። ጨምቃችሁ ስትጨርሱ ሽቦውን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ከወጣ አሁን መውጣቱ መልካም ነው።

ማገናኛውን ብስክሌቱ ላይ ስታስሩ አፉ ወደ ላይ አይሁን። ሽቦው ከማገናኛው በፊት ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቢመለስ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ በዚያ በኩል ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሞምባሳና ጅቡቲ ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ስለ ባሕሩ ጨው ንገሯቸው፤ እዚያ ማገናኛ ቶሎ ስለሚዝግ በየወሩ ተከፍቶ ይታይ። ስትነቅሉም ፕላስቲኩን ይዛችሁ ንቀሉ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ።

ፍተሻ

ባትሪውን ከማገናኘታችሁ በፊት ቴስተሩን አንሡ። በመጀመሪያ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እርስ በርስ እንዳልተነካኩ እዩ። ቀጥሎ የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ሽቦዎቹ ተገልብጠዋል። ተገልብጦ የተሰካ ባትሪ ኮንትሮለሩን በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል።

ከዚያ ዳገት ወጥታችሁ ውረዱና ማገናኛውን በጣታችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል አይደንቅም። ጣት ማሳረፍ የማያስችል ከሆነ ግን ብስክሌቱ እዚያው ይቁም። የፊዚክስ ተማሪዎች በተሻለ መንገድ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ፤ ጅረት እያለፈ በማገናኛው ግራና ቀኝ ያለውን ሚሊቮልት ለኩ። 20 አምፔር ላይ ጥሩ ማገናኛ 10 ሚሊቮልት ያህል ቢያሳይ ተቃውሞው 0.0005 ኦም ነው። 100 ሚሊቮልት ካሳየ 2 ዋት እየባከነ ስለሆነ ይመርመር።

የቻርጀሩ ስፒና

ይህን ክፍል በተለይ ወላጆች እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች የባትሪያቸው ቻርጅ መቀበያ ከኮምፒውተር ጀርባ ካለው ባለሦስት ጥርስ መቀበያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የኮምፒውተር ገመድ የሌለበት ቤት ደግሞ ጥቂት ነው። አንድ ልጅ ቻርጀሩን ሲያጣ ያንን ገመድ ከግድግዳ ወስዶ ባትሪው ላይ ቢሰካው ልክ ይገባል፤ 240 ቮልት በቀጥታ ባትሪው ውስጥ ይለቀቃል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የሚገባ ነገር አስገባ እንጂ። ጥፋቱ የሁለት ነገሮች ማገናኛ አንድ መሆኑ ነው።

ቤታችሁ ያለው ብስክሌት እንዲህ ከሆነ በባለሙያ ሌላ ዓይነት መቀበያ አስቀይሩ። ለማይክሮፎን የሚያገለግለው ክብ ባለሦስት ጥርስ ማገናኛ ለዚህ የተለመደ ነው፤ ብቻ የትኛው ጥርስ ፖዘቲቭ እንደሆነ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በቴስተር ሳይለካ አይሰካ። እስኪቀየር ድረስ መቀበያውን ሸፍናችሁ «የኮምፒውተር ገመድ አይሰካም» ብላችሁ ለጥፉበት።

ትምህርት ቤታችን ያደረገው

ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪ መጋዘን ውስጥ አያድርም፤ ክፍል ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ወይም መውጫ በር አጠገብም ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ የሚደረገው ሰው ባለበት ሰዓት፣ በውጭው የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ሰቅለናል። የሞቀ፣ የላላ፣ የሸተተ ነገር ያገኘ ሁሉ ቀኑንና ያየውን ይጽፍበታል። የጥበቃ ሠራተኛችንም የአንደኛ ክፍል ልጅም ቢጽፍ፣ ነገሩ ታይቶ ከሥሩ መልስ ሳይጻፍበት ብስክሌቱ አይወጣም። መልሱን የመጻፍ ኃላፊነት የእኔ ነው። ደብተሩን የምትይዘው ያቺ ተማሪ ናት። በሰልፍ ላይ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም፣ «ጋሼ፣ አዲሷንም ዳሰስኳት፤ አትሞቅም» አለችኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉ እጃችን ውስጥ የሚገባው አንድ ልጅ መጥቶ «ይሞቃል» ሲለን ነው።

መልመጃ

1. የአንድ ብስክሌት ባትሪ 36 ቮልት፣ ኮንትሮለሩ 15 አምፔር ነው። ከፍተኛው ኃይል ስንት ዋት ነው? በእኛ ደንብ ማገናኛው በተከታታይ ስንት አምፔር መቻል አለበት?

2. የአንድ ማገናኛ ተቃውሞ 0.01 ኦም ነው። በ15 አምፔርና በ30 አምፔር ስንት ስንት ዋት ይባክናል?

3. ሴቴው ማገናኛ ባትሪው ላይ የሚሆነው ለምንድን ነው?

4. ቴስተሩ «−54.6» ቢል ስለ ባትሪውና ስለ ሽቦው ምን ምን ይነግራችኋል?

መልስ፦ 1) 540 ዋት፤ 22.5 አምፔር። 2) 2.25 ዋት እና 9 ዋት። 3) እና 4) መልሳቸው ከላይ አለ፤ ፈልጋችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ካለ፣ አብራችሁ ዳስሱት።